ደረጃ አራት ወይስ ዲግሪ?

«ልጄ ፋርማሲ ልማር ይላል፤ በየትኛው ይግባ?» የሚሉኝ ወላጆች በዝተዋል።

ደረጃ አራት የጨረሰ ልጅ የብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲ የምንለውን፣ ካለፈ በፋርማሲ ቴክኒሺያንነት ይቀጠራል። ቶሎ ደመወዝ መያዙ ታናናሾች ላሉበት ቤት ቀላል ነገር አይደለም። ዲግሪው 5 ዓመት ይፈጃል፤ ከዚያም የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ።

ልዩነቱ ታፔላው ላይ ይታያል። «ፋርማሲ» የሚለውን ቤት በኃላፊነት የሚመራው ፋርማሲስት ነው። በቀድሞ አጠራሩ ድራጊስት የምንለው ባለሙያ የሚመራው «የመድኃኒት መደብር» ነው፤ እዚያ የሚሸጡት የመድኃኒት ዓይነቶችም ያነሱ ናቸው። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ የዲግሪው ተማሪ ከሐኪሙ ጋር ዋርድ ይዞራል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው የታዘዘው መጠን እንዳይበዛ ያያል። እኛ ነርሶች መድኃኒት የምንሰጠው ነንና እንዲህ ያለ ሰው አጠገባችን ሲኖር እፎይ እንላለን። ማስተርስም ሆነ የውጭ አገር ፈቃድ የሚያስብ ልጅ ያለ ዲግሪው አይሆንለትም። አሜሪካ ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከተመረቀ የውጭ ፋርማሲስት የ5 ዓመት ትምህርት ትጠይቃለች።

እኔ ውጤቱ ከመጣለትና ቤቱ ከቻለ ዲግሪውን እመርጣለሁ። ካልቻለ ደረጃ አራት የሚያሳፍር አይደለም፤ በየጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚያድሉን በአብዛኛው እነሱ ናቸው።

«በኋላ ወደ ዲግሪ ታሳድገዋለህ» የሚል ኮሌጅ ካጋጠማችሁ ግን የመግቢያ መስፈርቱን በጽሑፍ ጠይቁ። የዕውቅና ወረቀቱንም አገላብጡ፦ ለፋርማሲ ነው? ለየትኛው ደረጃ? ለየትኛው ቅርንጫፍ? ጊዜው አላለፈም? ይህ ሁሉ ከክፍያ በፊት ነው።