መከታ የሌለው ጣራ፣ ፍሬን የማይዝ ባጃጅ



የዛሬው ሐሳቤ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከማይሰበክበት ክፍል፣ ከኦሪት ዘዳግም 22፥8 ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ ያድርግ፤ አለዚያ ሰው ከዚያ ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ ይመጣል። በዚያ ዘመን በእስራኤል ምድር የቤት ጣራ ጠፍጣፋ ነበር። እህል ይሰጣበታል፣ ይታረፍበታል፣ ይጸለይበታል። ጴጥሮስም በኢዮጴ ሳለ ሊጸልይ የወጣው ወደ ጣራ ነው (ሐዋ. 10፥9)። ልብ በሉ፤ ሕጉ ለእንግዳው «ተጠንቅቀህ ተራመድ» አይለውም። የሚናገረው ለባለቤቱ ነው። እንግዳው ገና በሩን ሳያንኳኳ፣ ገና ስሙ ሳይታወቅ፣ ባለቤቱ ስለ እርሱ ሕይወት እንዲያስብ ይታዘዛል።

በወልድያና በመርሳ፣ በሀብሩ ወረዳ ትንንሽ ከተሞችም፣ ብዙዎቻችን በየቀኑ በሌላ ሰው ንብረት ላይ ነፍሳችንን የምናሳድረው በባጃጅ ውስጥ ነው። ስሙ የአንድ የህንድ ኩባንያ ቢሆንም፣ እኛ ሦስት እግር ያለውን ሁሉ ባጃጅ ብለነዋል። ምጥ የያዛት እናት በእርሱ ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች። ተማሪው፣ ሐኪሙ፣ የገበያ እህል የያዘችው እናት፣ እኛም አገልጋዮች ለቀብርና ለለቅሶ ስንጠራ የምንሳፈረው እርሱን ነው። ስለዚህ የባጃጅ ጉዳይ የባልንጀራ ፍቅር ጉዳይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የባለንብረቶቹን ሮሮ ሁላችንም ሰምተናል። ላሜራው ስስ ነው። ሸራው ክረምት ላይ ዝናብ ያስገባል። ብሎኑ በኮብልስቶን ላይ ይላላል። የፊት መብራቱ ለጨለማ መንገድ አይበቃም። ከዚህ አብዛኛው እውነት ነው። ነገር ግን ተሽከርካሪው የተሠራው ሾፌሩንና ሦስት ተሳፋሪ ይዞ በከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲሄድ ነው። እኛ ደግሞ በወልድያ ዳገት ላይ አምስትና ስድስት ሰው፣ ከዚያም በላይ ጆንያ እንጭንበታለን፤ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው ዋና አስፋልት ላይም ከከባድ መኪናና ከተሳቢ ጋር እናሰልፈዋለን። የጎደለው ነገር በከፊል ከፋብሪካው፣ በከፊል ከእኛ ነው።

ስለዚህ አዲስ ባጃጅ ሲገዛ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ብየዳ ቤት ነው። በዚያ የሚደረገውን ሁሉ አልነቅፍም። እንዲያውም አንዳንዱ የዘዳግም 22ን መከታ ያስታውሰኛል። ህንድ በግራ ይነዳል፣ እኛ በቀኝ እንነዳለን፤ ስለዚህ መኪና በሚያልፍበት በግራ በኩል ብረት አስገብቶ ሕፃን ወደ መንገድ እንዳይወድቅ የሚዘጋ ባለንብረት መከታ ሠርቷል። ለክረምቱ በጎን የሚወርድ ላስቲክ የሚያሰፋ፣ የወለሉን ላሜራ በወፍራም የሚቀይር፣ ከኋላ በማታ የሚያበራ አንጸባራቂ የሚለጥፍ፣ ስፖኪዮ የሚጨምር፣ እነዚህ ሁሉ ለማያውቁት ተሳፋሪ አስበዋል። ይህን በእምነት የሚያደርግ ሰው መዝሙር ባይከፍትም አምልኮ ላይ ነው (ቆላ. 3፥23)።

ሌላ ዓይነት ማሻሻያ ግን አለ። ከሾፌሩ ጎንና ጎን ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ወንበር ይበየዳል። በሸራው ላይ ፖርቶመጋላ ይሠራል። ይህ ለምን አደገኛ እንደሆነ ማወቅ መሐንዲስ መሆን አይጠይቅም። ሦስቱ ጎማዎች መሬት ላይ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ከኋላ ሰፊ ነው፣ ከፊት ግን እየጠበበ ሄዶ አንድ ነጥብ ይሆናል። የጭነቱ ክብደት በሰፊው በኩል እስካለ ድረስ ባጃጁ ይቆማል። ሁለት ሰው ከፊት ሲጨመር ክብደቱ ወደ ጠባቡ በኩል ይሄዳል። ጆንያ ከላይ ሲጫን ደግሞ ክብደቱ ከፍ ይላል። በዚህ ላይ ሾፌሩ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ መሪ ቢያዞር ለመገልበጥ ትንሽ ዘንበል ማለት ይበቃዋል። የፊት ወንበሩ የሚያስገኘው የሁለት ሰው ሒሳብ ነው፤ የሚያስከፍለው ግን የሰው ነፍስ ሊሆን ይችላል።

ድምፅ ማጉያውም እንዲሁ ነው። ከባትሪው በቀጥታ፣ ያለ ፊውዝ የተሳበ ሽቦ ሲበዛበት ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፤ ነዳጅ ባለበት ተሽከርካሪ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ዝማሬ እየተሰማበት መሆኑ ሽቦውን አያቀዘቅዘውም።

ወደ ሕዝቅኤል 13፥10-15 ልውሰዳችሁ። ነቢዩ ሕዝቡ ደካማ ቅጥር ሲሠራ ሐሰተኞች ነቢያት በማይጸና ጭቃ መርገው እንዳሳመሩለት ይናገራል። ዝናብና በረዶ ሲመጣ ቅጥሩ ይወድቃል፤ መራጊዎቹም ይጠየቃሉ። ይህን ሳነብ የተሰነጠቀ ሻንሲ ላይ የሚቀባው ቀለም ይታየኛል። ስስ ብረት በችኮላ ሲበየድ ይበላል፤ ቆሻሻው ሳይጠረብ ቀለም ከተቀባ ስንጥቁ ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም። በያጁ ያውቃል። ባለንብረቱም ያውቃል። የማያውቀው ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ብቻ ነው። ለዓመታዊው ምርመራ ቀን ደህና ጎማ ተውሶ ገጥሞ፣ ቦሎ ከተለጠፈ በኋላ የላሸቀውን የሚመልስም ሰው ያው መራጊ ነው። እሑድ ብቻ ለሚለበስ ቅድስናም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በየባጃጁ መስታወት ላይ የእምነት ጽሑፍ አለ። የኦርቶዶክስ ወገኖቻችን የቅዱሳንን ሥዕል፣ ሙስሊም ወገኖቻችን «ማሻአላህ»፣ የእኛዎቹ ደግሞ «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚለውን ይለጥፋሉ። በዚህ አገር እኛ ጥቂቶች ነን። ጎረቤቶቻችን ስብከታችንን ላይሰሙ ይችላሉ፤ ባጃጃችንን ግን ይሳፈራሉ። «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚለው ጽሑፍ የተለጠፈበት ባጃጅ ፍሬኑ ሳይዝ ቀርቶ የሙስሊም ጎረቤታችንን ልጅ ቢጎዳ፣ ያ ቤተሰብ ስለ ጌታችን ምን ይማራል? ጌታ ለመሆኑ ምስክር የሚሆነው በመስታወቱ ላይ ካለው ጽሑፍ ይልቅ ከወለሉ በታች ያለው የፍሬን ሸራ ነው።

ባለንብረቶች ሆይ፣ ይህ ቃል በተለይ ለእናንተ ነው። ሾፌሮቹ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ የዕለቱን ገቢ ካላስገቡ ነገ ቁልፉ ለሌላ ይሰጣል። «ጋሼ፣ ፍሬኑ እየሳተኝ ነው» ይላል ልጁ። «አይ አንተ፣ ይህን ሳምንት ግፋበትና እናየዋለን» ይባላል። ኦሪት ዘጸአት 21፥29 ስለ ተዋጊ በሬ ይናገራል። በሬው ሳይታሰብ ሰው ቢወጋ ባለቤቱ ንጹሕ ነው። በሬው ተዋጊ እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሮት ሳያስረው ከቀረ ግን ፍርዱ ከባድ ነው። ልዩነቱ ያለው «ተነግሮት ነበር ወይ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ልጁ ከነገራችሁ ሰዓት ጀምሮ ነገሩ የእናንተ ነው፤ በእግዚአብሔር ፊት «ሾፌሩ ነው» ማለት አይቻልም።

«ፓስተር፣ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚለኝ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት እጅ በነበሩ ወራት ብዙዎች ንብረታቸውን አጥተዋል። ከዚያ በኋላም አካባቢያችን ሙሉ ሰላም አላየም፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ገቢ ይቆማል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም ዋጋው አብሮ ወጣ። ይህን የማይረዳ እረኛ በጎቹን አያውቅም። ቢሆንም ለድምፅ ማጉያና ለጌጥ መብራት የተገኘው ገንዘብ ለፍሬን ሸራ ጠፋ ሲባል ችግሩ የገንዘብ ማጣት ብቻ አይደለም፤ የቅደም ተከተል ችግር ነው። መከታው ከጌጡ ይቅደም።

«እግዚአብሔር ይጠብቀናል» የሚልም አለ። አሜን፣ ይጠብቀናል። ነገር ግን ሰይጣን ጌታን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር የፈተነው የጥበቃን ተስፋ እየጠቀሰ እንደነበር አንርሳ (ማቴ. 4፥5-7)። ጌታችን ግን አምላክን መፈታተን እንደማይገባ መለሰለት። ፍሬን የሌለውን ባጃጅ ጸልዮ ማስነሣት እምነት አይደለም።

አጥቢያዎቻችን ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ባጃጅ ያላቸው አማኞች ለጥገና ብቻ የምትውል ትንሽ ዕቁብ ቢጀምሩ፣ አንዱ ሲቸገር ሌላው ይደርስለታል። በመካከላችን ያሉ መካኒኮችና በያጆች በወር አንድ ቅዳሜ ፍሬን፣ ጎማና መብራት በነጻ ቢያዩ፣ እምነቱን ሳይጠይቁ ለመጣ ሁሉ ቢያደርጉት፣ ከብዙ የአደባባይ ስብከት ይልቅ ይሰማል። በያጅ የሆንክ ወንድሜ፣ የፊት ወንበር ወይም ፖርቶመጋላ ብየድ ስትባል «ይህን አልሠራም» የማለት ሥልጣን አለህ። አንድ ደንበኛ ታጣ ይሆናል። በዚያ ቀን ግን የሁሉ ሥራ በእሳት ሲፈተን (1ኛ ቆሮ. 3፥13) ያልበየድከውም ብየዳ ይቆጠርልሃል ብዬ አምናለሁ።

እኛ ተሳፋሪዎችም ድርሻ አለን። «ተጠጉ፣ አንድ ሰው ይገባል» ሲባል ዝም ብለን የምንጠጋው እኛ ነን። አራተኛ ሆኖ ላለመግባት አምስት ደቂቃ መቆም፣ «ልጄ፣ ቀስ በል፣ ቤተሰብ ይጠብቅሃል» ማለት ለሾፌሩም ፍቅር ነው።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ የሰውን ነፍስ በእጃችን ስላኖርክ ፍርሃትህን በልባችን አኑር። በመንገድ ላይ ውለው የሚያድሩትን ልጆች ጠብቅ። የምናውቀውን ስንጥቅ በቀለም እንዳንሸፍን እርዳን። ለማናውቀው ተሳፋሪ መከታ የምንሠራ ሕዝብ አድርገን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።