ጨዋታ ነው ብላችሁ አትለፉት

«ሥነ ጽሑፍን የገደለው ጨዋታ ነው» የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። በግጥም ምሽትም ሆነ በመጽሐፍ ምረቃ ላይ ይህን ክስ ያልሰማ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ያለ አይመስለኝም። ወጣቱ መጽሐፉን ጥሎ ከኮምፒውተር ፊት ተተከለ፣ ምናቡ ነጠፈ፣ ቋንቋው ተሰባበረ ይባላል። ከሳሾቹን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ከእነዚህ ጨዋታዎች የትኛውን አንብባችኋል? «አንብባችኋል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የሚነበብ ጨዋታ አለና።

ለምስክርነት የምጠራው እ.ኤ.አ. በ1990 ሉካስፊልም ጌምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣውን «የጦጣ ደሴት ምስጢር» ነው፤ በትውልድ ቋንቋው «ዘ ሲክሬት ኦቭ መንኪ አይላንድ» ይባላል። ንድፉ የሮን ጊልበርት ሲሆን ቲም ሼፈርና ዴቭ ግሮስማን አብረውት ጽፈዋል። ባለታሪኩ ጋይብረሽ ትሪፕውድ የሚባል ለጋ ወጣት ነው። ከካሪቢያን ደሴቶች ወደ አንዷ ይመጣና የባሕር ወንበዴ መሆን እንደሚሻ ያስታውቃል። በመጠጥ ቤት የተሰየሙ ሦስት የወንበዴ አለቆችም ሦስት ፈተና ይሰጡታል፤ በጎራዴ መርታት፣ መስረቅ፣ የተቀበረ ሀብት ፈልጎ ማግኘት። ወንበዴነት እንደ ትምህርት ቤት በፈተና የሚገባበት ሙያ ሲሆን ማየት በራሱ ስላቅ ነው።

የመጀመሪያው ክስ «ሥዕሉ ቃሉን ዋጠው» የሚል ነው። እስቲ አጨዋወቱን ተመልከቱ። በማያ ገጹ ግርጌ ግሶች ተደርድረዋል፤ ክፈት፣ ዝጋ፣ ግፋ፣ ሳብ፣ ስጥ፣ አንሣ፣ አነጋግር። ተጫዋቹ በማውስ አንዱን ግስ ጠቅ ያደርጋል፤ ቀጥሎ በሥዕሉ ላይ ያለውን ነገር ይነካል፤ በመካከል ዐረፍተ ነገር ተሠርቶ ይታያል። ያለ ግስ በር አይከፈትም፤ ያለ ተሳቢ እጅ አይዘረጋም። ሰዋስው የሚጫወቱበት መሣሪያ የሆነበትን ሥራ የቋንቋ ጠላት ማለት እንደምን ይቻላል?

ዋናው ማስረጃዬ ግን የጎራዴው ግጥሚያ ነው። በዚህ ጨዋታ ጎራዴ የሚያሸንፈው በክንድ ብርታት ሳይሆን በነገር ነው። አንደኛው ይሳደባል፤ ሌላኛው ለዚያ ስድብ የሚገባውን መልስ ከሰጠ ባላጋራውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ መልስ ካጣ ራሱ ያፈገፍጋል። ስድቦቹን በመጻፉ ሥራ ልብ ወለድ ደራሲው ኦርሰን ስኮት ካርድም ተሳትፏል። ጋይብረሽ መጀመሪያ የሚረባ ነገር አያውቅም። በየመንገዱ ከሚያገኛቸው ወንበዴዎች ጋር ይገጥማል፤ ይሰደባል፤ ይሸነፋል። የሰማውን ስድብ ግን ይዞ ይሄድና በሌላው ላይ ይወረውረዋል፤ ያኛው መልሱን ካወቀ መልሱንም ይማራል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የምንለው እዚህ የትምህርት ሥርዓት ሆኗል። ስንቁ የተወጋበት ነገር ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሽምደዳ ነው ባልኩ። አያበቃም። ወጣቱ ስድብና መልስ አከማችቶ ወደ ጎራዴዋ እመቤት ወደ ካርላ ሲሄድ፣ እርሷ ሰምቶት የማያውቀውን አዲስ ስድብ ታዘንብበታለች። ለአዲሱ ስድብ አዲስ መልስ የለውም፤ ያለው አሮጌው ነው። ስለዚህ የሚያውቀውን መልስ አገላብጦ በሌላ ትርጉሙ ማሰብ አለበት። አንድ ምሳሌ ላንሣ። በመንገድ ያገኘው ወንበዴ «አዋጋግህ እንደ ላም አላቢ ነው» በሚል መንፈስ ይዘልፈዋል፤ ተገቢው መልስ የወንበዴው አዋጋግ እንደ ላም ስለሆነ መገጣጠማቸውን የሚያመለክት ነው። ካርላ ደግሞ ደሙን ጠብታ ሳታስቀር እንደምታልበው ትዝትበታለች። መልሱ ያው የላሙ መልስ ነው! ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚያርፍበት ቦታ ነው።

የአገሬ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች፣ ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አንድ ቃል ሁለት ጌታ ሲያገለግል ኅብር የምንል እኛ ነን። ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ለማውጣት የሠለጠነ ጆሮ በዚህ ጨዋታ ፊት ባዕድ አይሆንም። የአሜሪካው ጨዋታ ቅኔ ነው አላልኩም፤ የቅኔን ጥልቀት ከስድብ ጋር የማስተካክልም አይደለሁም። የምለው ይህ ነው፤ ቃል በሁለት ትርጉም መቆሙን ከሕዝብ ሁሉ በፊት መስማት የሚገባን ሰዎች፣ ጆሯችንን ደፍነን «የሕፃን መጫወቻ» ብለን ማለፋችን ያሳፍራል።

ሁለተኛው ክስ «ቁም ነገር የለውም» የሚል ነው። ታሪኩን ጨርሱት። ለቸክ የተባለው የወንበዴ መንፈስ የደሴቷን ገዥ ኢሌን ማርሊን ጠልፎ ይወስዳል። ጋይብረሽ መርከብ ገዝቶ፣ ባሕር አቋርጦ፣ መከራውን አይቶ ሊያድናት ይደርሳል። ሲደርስ ግን እርሷ ማምለጫዋን ራሷ አዘጋጅታ ኖሯል፤ ጀግናው በመምጣቱ ዕቅዷን ያበላሽባታል። ስንቱን የጀግና ተረት በአንድ ትዕይንት የሚያፈርስ ሳቅ ነው! እንዲህ ያለ ስላቅ በልብ ወለድ ውስጥ ብናገኘው ሐያስያን ስንት ገጽ ይጽፉበት ነበር?

ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1989 በጻፈው መጣጥፍ የጀብዱ ጨዋታዎች የሚጠሉበትን ምክንያት ዘርዝሮ፣ ተጫዋቹ ለመማር እየሞተ እንዲመለስ መገደዱን ነቅፏል። በጨዋታውም በቃሉ ጸና፤ ጋይብረሽ የሚሞትበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። እስትንፋሱን አሥር ደቂቃ መያዝ እንደሚችል ይፎክራል፤ ከውኃ በታች ታስሮ ያን ያህል ካቆያችሁት ብቻ ይሰጥማል። በአንድ ገደል ላይ ወድቆ የሞተ መስሎ፣ የዘመኑን ተቀናቃኝ ጨዋታዎች የሞት ማስታወቂያ የሚያሾፍ ሰሌዳ ከታየ በኋላ ተመልሶ ይነጥራል። ቀን ቀን በባንክ መስኮት ቅጽ ስቀበል የምውል ሰው በመሆኔ ይህ ይገባኛል፤ አንዲት አኃዝ ሳተ ብሎ ሙሉውን ቅጽ ማስደገም ሰውን ያስመርረዋል እንጂ አያስተምረውም። አንባቢን ማክበር ማለት እንዲሳሳት መፍቀድ ነው፤ ይህንንም ከብዙ ደራስያን በፊት ያወቀ አንድ የጨዋታ ጸሐፊ ነበር።

ሦስተኛው ክስ «ቋንቋ ያበላሻል» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው ተከታዩ ጨዋታ ውስጥ ብዙዎችን ያስለቀሰ አንድ እንቆቅልሽ አለ፤ ጦጣን ይዞ እንደ መፍቻ ማዞር። ምክንያቱ አሜሪካውያን አንድ ዓይነት መፍቻን «የጦጣ መፍቻ» ብለው መጥራታቸው ነው። ይህን አባባል የማያውቅ ሰው እንቆቅልሹን በብልሃት ሊፈታው አይችልም። ጉድለት ነው፤ አልደብቅም። ነገር ግን የምን ዓይነት ጉድለት ነው? ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር የሚሞት የግጥም ስንኝ ጉድለት ነው! ለተርጓሚ እምቢ የሚል ሥራ በቋንቋው ሥጋና ደም የተሠራ ሥራ ነው።

ቋንቋችንም ቢሆን ከእኛ ይልቅ አስተዋይ ነው። ልጆች በእቃቃ የሚያደርጉትን «ጨዋታ» እንላለን፤ አዋቂዎች ቡና ይዘው የሚያወጉትንም «ጨዋታ» እንላለን። እንግዳን «እስቲ ተጫወት» ስንለው ኳስ እንዲያመጣ አይደለም። «ጨዋታ አዋቂ» የምንለውም ነገር በአፉ የሚጣፍጥለትን ሰው ነው። ሁለቱን ጨዋታዎች ያጣላናቸው እኛ እንጂ አማርኛ አይደለም።

እነሆ ሮን ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ደሴቱ ተመልሶ ሌላ ክፍል ሠራ። የመጀመሪያው ጨዋታ በወጣ በ32 ዓመቱ መሆኑ ነው። ያሳተመው ድርጅት በ2013 የጨዋታ ሥራውን ካቆመ በኋላ እንኳ ተደራሲው አልተበተነም። ሠላሳ ዓመት የሚናፈቅ ቀልድ መጻፍ ቀላል ነው የሚል ካለ ብዕሩን ያንሣ።

የክርክሬ ፍሬ ይህ ነው። የእኛ ልጆች እየተጫወቱ ነው፤ የሚጫወቱትም በሰው ቋንቋ፣ በሰው ስድብ፣ በሰው ኅብር ነው። «ኩኩሉ»ን የሠራው የአዲስ አበባ ድርጅት ስሙን «ቅኔ» ብሎ አውጥቷል። ስሙ ተገኝቷል ማለት ነው። የቀረው ገጣሚው ነው። ባለ ሙያ ኮዱን ይጽፍ ይሆናል፤ ሠዓሊም ሥዕሉን ይሥል ይሆናል፤ ጎራዴ የሚያስጥል መልስ ግን የሚጽፈው የቃል ሰው ነው። ያ ሰው በመጽሐፍ ምረቃ ላይ ተቀምጦ «ሥነ ጽሑፍ ሞተ» እያለ ሙሾ ቢያወርድ፣ ገዳዩን ሩቅ ባይፈልግ ይሻለዋል።