በሱስ የተያዘ ልጅና የወላጅ ፍቅር

ወረታ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚለያዩባት ከተማ ናት። ዙሪያዋን የከበበው የፎገራ ሜዳ በሩዝ ምርቱ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ሩዙ ተወቅቶ ገንዘብ እጅ በሚገባበት ወቅት፣ በአንዳንድ ቤት ደስታ ሳይሆን ሥጋት ይነግሣል፤ ለአካለ መጠን የደረሰው ልጅ ድርሻውን ለአረቄና ለጫት ያውለዋልና።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ከዚያ ዕድሜ በኋላ ግን ሸክሙ የሚወድቀው በወላጆች ትከሻ ላይ ነው። እነርሱም ኀፍረት ስለሚይዛቸው ለጎረቤት “ትንሽ አሞት ነው” ይላሉ፤ ላም ሸጠው ዕዳውን ይከፍላሉ። ይህ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ለሱሱ ስንቅ ይሆናል።

ቅዱስ መጽሐፍ ሁለት አባቶችን ያሳየናል። ካህኑ ዔሊ የልጆቹን በደል ሰምቶ ተናገረ፤ ነገር ግን አልከለከላቸውም (1ኛ ሳሙ. 3፥13)። የጠፋው ልጅ አባት ደግሞ ወደ ሩቅ አገር ገንዘብ እንደ ላከ አልተጻፈም፤ ልጁ ሲመለስ ግን ገና በሩቅ ሳለ አይቶት ሮጠ (ሉቃ. 15፥20)። እንግዲህ የወላጅ ፍቅር በሩን ክፍት አድርጎ ከረጢቱን መቋጠር ነው፤ እንጀራና መኝታ አይነፈገውም፣ የመጠጥ ዕዳው ግን አይከፈልለትም። በዚህም አባትና እናት አንድ ቃል ሊሆኑ ይገባል።

ወላጆች ሊያስተውሉት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና ለሞት የሚያሰጋ መንፈራገጥ ሊያጋጥመው ይችላል። ስለዚህ ወደ ጠበል ከመወሰዱ በፊት ሐኪም ይየው፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት በጠበል ቦታ አያቋርጥ። ባለ መድኃኒትን እንድናከብር መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ያስተምረናልና ጸበሉና ሕክምናው አይጣሉም።

የጽዋ ማኅበርተኞችም ድርሻ አለን። የእነዚህን ወላጆች ኀዘን ወሬ አናድርገው፤ ልጁ በተገኘበትም ጠላ አንቅዳለት። ወላጆችም ጭንቀታቸውን ለንስሐ አባታቸው ይግለጡ። ልጁ ተነሥቶ ዳግም ቢወድቅ እንኳ ተስፋ አይቁረጡ፤ መውደቁ የመንገዱ ፍጻሜ አይደለምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።