ዲግሪው ጡንቻ ጋ አይደርስም

ሰሞኑን አንድ የስፖርት ክለብ ኃላፊ ሬዲዮ ላይ ቀርበው፣ አትሌቶቻችን ቶሎ የማያገግሙት የቅዝቃዜ ሕክምና ክፍል ስለሌለን ነው ሲሉ ሰማሁ። ክለባቸው ሊገዛው ያሰበው ማሽን ከዜሮ በታች 110 ዲግሪ እንደሚደርስ ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ጋዜጠኛውም ተደንቆ ቁጥሩን ደገመው። ቀሪው ሰዓት በዚያው ቁጥር አለቀ። የአትሌቱ ጡንቻስ ስንት ዲግሪ ይደርሳል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሕክምና ነው ከተባለ ግን ከሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረበት እሱ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ነው። አየር ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከውሃ 25 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ሰው በዚያ ሁሉ ቅዝቃዜ ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆሞ በእግሩ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ቆዳው ይቀላል፣ ይለበልበዋል፣ ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል፤ ከሥር ያለው ጡንቻ ግን በዚያች አጭር ጊዜ ብዙም አይነካም። የጭን ጡንቻ ወፍራም ነው፣ በላዩ ስብ አለበት፣ ደሙም ያለማቋረጥ ያሞቀዋል። ማሽኑ ላይ የሚነበበው ዲግሪ የክፍሉን አየር እንጂ የሯጯን ባት አይለካም።

ከክፍሉ ስንወጣ ቀለል ይለናል የሚሉ አሉ፤ አምናቸዋለሁ። ቅዝቃዜ ሕመም ያደነዝዛል። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትን ልጅ በፌስታል በረዶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ የሚይዝለት የሜዳ ወጌሻም ይህን ያውቃል። መደንዘዝን ማገገም ብሎ መሸጥ ግን ሕዝብን ማታለል ነው።

ማስረጃ አለ ይባላል። የሕክምና ጥናቶችን እየመረመረ የሚገመግመው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2015 ይህንኑ ክፍል ለጡንቻ ሕመም መርምሮ ያገኘው 4 ጥናት ነው፤ በሁሉም የተሳተፉት ተደምረው 64 ሰዎች ናቸው። ከነዚህ ሴቶቹ 4 ብቻ ነበሩ! ደራርቱን፣ ጥሩነሽን፣ መሠረትን ላፈራ አገር፣ በአራት ሴቶች የተሞከረ ነገር ይዞ መጥቶ ተረጋግጧል ማለት ነውር ነው። ግምገማው የደረሰበትም ጥቅሙን ለማረጋገጥ በቂ ማስረጃ የለም የሚል ነው። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለሕክምና የፈቀደው አንድም እንዲህ ያለ ማሽን እንደሌለ በይፋ ተናገረ። ሐሳቡ ሲጀመርም ለሯጭ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓናዊው ሐኪም ያማውቺ የጀመሩት በመገጣጠሚያ ቁርጥማት ለሚሠቃዩ ሕሙማን ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ቅዝቃዜው በእርግጥ ጡንቻ ጋ ይድረስ እንበል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ጥናት ለ12 ሳምንት የክብደት ልምምድ የሠሩ ወንዶችን ተከታተለ። ከልምምድ በኋላ 10 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ የተቀመጡት፣ በዝግታ ብስክሌት ከነዱት ያነሰ ጡንቻና ያነሰ ጉልበት አገኙ። ሰውነት ከልምምድ በኋላ የሚያደርገው ጥገና ራሱ ነው ብርታት የሚሰጠው፤ ቅዝቃዜው ያንን አዳከመው። እንግዲህ ሻጮቹ ይምረጡ፦ ማሽኑ ጡንቻ ጋ ካልደረሰ ለምን ይገዛል? ከደረሰስ ጉልበት ለመገንባት የሚለፋን ወጣት ለምን በየቀኑ ያስገቡታል? ሁለቱን አንድ ላይ የሚመልስ ሻጭ እስካሁን አልሰማሁም።

ርካሹ የማሽኑ ዓይነት ደግሞ የሚቀዘቅዘው በፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። ይህን ፈሳሽ በአገራችን በደንብ የሚያውቁት የከብት አዳቃይ ባለሙያዎች ናቸው፤ የኮርማ ዘር የሚያቆዩት በእሱ ነውና። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ጋዙ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ኦክስጅኑን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል፣ ሰውየውም ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ላስ ቬጋስ አጠገብ አንዲት የማዕከል ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጭ ብቻዋን ገብታ እዚያው ሞታ ተገኝታለች። አሜሪካዊው የአጭር ርቀት ሯጭ ጀስቲን ጋትሊንም እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ዴጉ የዓለም ሻምፒዮና የሄደው፣ እርጥብ ካልሲ አድርጎ ቅዝቃዜ ክፍል ገብቶ እግሮቹ ቆስለው ነው። በየሳሎኑ ከፊት ማሳጅ ጎን ሊተከል የሚታሰበው ይህ ነው።

ቅዝቃዜ ነፍስ የሚያድንበት ቦታ አለ፤ እሱን ግን ማንም አያስተዋውቅም። ሯጭ በሙቀት ተመቶ ሲወድቅ መድኃኒቱ በረዶ የተጨመረበት ውሃ ነው፤ ያውም ወደ ሆስፒታል ከመወሰዱ በፊት፣ እዚያው። አሜሪካ ውስጥ በፋልማውዝ የጎዳና ሩጫ በ18 ዓመት ውስጥ 274 ሰዎች በዚህ መንገድ ታክመዋል፤ የሞተ የለም። የሚያስፈልገው ሰው የሚያስተኛ ገንዳ ነው፤ ከወገቡ የተቆረጠ ሮቶም ይሆናል። በረዶ፣ ውሃ፣ በፊንጢጣ የሚለካ ቴርሞሜትር፣ ጭንቅላቱ ውሃው ውስጥ እንዳይሰምጥ ከብብቱ ሥር የሚይዙት ሁለት ሰዎች። በግንባር የሚለካው ቴርሞሜትር እዚህ ላይ አይታመንም፤ ቆዳው ቀዝቅዞ ውስጡ ከ40 በላይ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ የአንዱ ማሽን ዋጋ አጠገብ አይደርስም። በሬዲዮ ግን ስለ ገንዳ የጠየቀ ጋዜጠኛ ሰምቼ አላውቅም። ክለቦች ገንዘብ ካላቸው መጀመሪያ ይህን ይግዙ፤ በተረፈው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይቅጠሩ። ድሬዳዋና ሰመራ ላይ ውድድር የሚያዘጋጅም ገንዳውን ከመጨረሻው መስመር አጠገብ ሳያስቀምጥ ሩጫውን ማስጀመር የለበትም።