የአሮጌ ሰዓት ዋጋ በምን ይለካል?

አንድ አሮጌ የእጅ ሰዓት በሐራጅ ቀርቦ በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ አወጣ የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር፣ ከመካከላችን ግማሹ «ሀብታም ገንዘቡን የሚጥልበት ሲያጣ ነው» ብሎ ይስቃል፤ ግማሹም «ወርቁ ስንት ቢመዝን ነው?» ሲል ይጠይቃል። በኛ አስተያየት ሁለቱም ነገሩን አልመረመሩትም። በሐራጅ የሚሸጠው ከወርቁ ይልቅ ማስረጃው ነው።

ለዚህ ምሳሌ እናቅርብ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ፓቴክ ፊሊፕ የተባለው የጄኔቭ ኩባንያ ከ1941 ጀምሮ 1518 የሚል ቁጥር የሰጠውን፣ ቀንና ወር የሚያሳይ ሰዓት ሠርቶ ነበር። አብዛኞቹ የወርቅ ሲሆኑ፣ ከማይዝግ ብረት እንደ ተሠሩ የሚታወቁት አራት ብቻ ናቸው። ከነዚህ አንዱ በ2016 ከ11 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ብርቅ ሲሆን ብረትም ወርቅን ይበልጣል ማለት ነው።

እንግዲህ ዋጋን የሚመረምር ሰው ሦስት ምስክር መጥራት አለበት። የመጀመሪያው የሰዓቱ አካል ነው። ቀፎው ተወልውሎ ጠርዙ ያለቀ፣ ፊቱ እንደገና ቀለም የተቀባ፣ ቀስቶቹ የተለወጡ እንደ ሆነ፣ ለዓይን ቢያምርም ዋጋው ይወድቃል። ሁለተኛው መዝገቡ ነው። ታላላቆቹ ፋብሪካዎች የውስጥ መኪናውንና የቀፎውን ቁጥር፣ የተሠራበትንም ዘመን ጽፈው ያስቀምጣሉ፤ አካሉ ከመዝገቡ ጋራ ካልተስማማ ነገሩ ያጠራጥራል። ሦስተኛው ሰዓቱ ያለፈበት እጅ ነው። የአሜሪካው ተዋናይ ፖል ኒውማን ያሥረው የነበረው ሮሌክስ ዴይቶና በ2017 በኒው ዮርክ 17.75 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ይህን ያህል ዋጋ ያሰጠው ሚስቱ በጀርባው ያስቀረጸችለት ቃልና የባለቤቱ ስም ነው።

ይሁን እንጂ ምስክር በሐሰትም ይመሰክራል። በ2021 በጄኔቭ ከ3 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ የተሸጠው ኦሜጋ ስፒድማስተር የ1957 ሥራ ነው ተብሎ ነበር። የገዛውም ራሱ የኦሜጋ ኩባንያ ነው። በ2023 ግን ሰዓቱ ከልዩ ልዩ ሰዓቶች ዕቃ ተለቃቅሞ የተገጣጠመ መሆኑን ኩባንያው አስታወቀ። ሠሪው በገዛ ሥራው ከተታለለ ሌላው ገዢ እንዴት ይሁን?

ከዚህ ላይ የሐራጅ ቤቱን ነገር ማንሣት ይገባል። ግምቱን የሚያወጣው እሱ ነው፤ ሽያጩ ሲፈጸምም የድርሻውን የሚወስደው እሱ ነው። ለራሱ ሲቆርስ አያሳንስም እንደሚባለው፣ ከሽያጩ የሚጠቀም ሰው ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይገባውም። ከሽያጩ ምንም የማያገኝ ሰዓት ዐዋቂ ከፍቶ እንዲያየው መጠየቅ የገዢው መብት ነው፤ የሻጩም ግዴታ መሆን አለበት እንላለን።

ነገሩ እኛንም የሚነካ ነው። ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 በስዊስ ጉብኝታቸው የተበረከተው ፓቴክ ፊሊፕ በ2017 በጄኔቭ ለሐራጅ ሊቀርብ ታስቦ ነበር፤ ዳሩ ግን የባለቤትነት ጥያቄ ስለ ተነሣበት ከሽያጭ ወጣ። የንጉሠ ነገሥት ስም ዋጋን ከፍ እንደሚያደርግ ሁሉ፣ «ከእጃቸው እንዴት ወጣ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ካላገኘ ሽያጩን ያስቆማል። ይህም ተገቢ ነው። ታሪኩን የሚሸጥ ሰው ታሪኩን በሙሉ ማስረዳት አለበት፤ የሚጠቅመውን ብቻ መርጦ መናገር አይበቃም።

ስለዚህ በየቤታችን የአባት ወይም የአያት ሰዓት ያለን ሁሉ በሚዛን ለመሸጥ አንቸኩል፤ እንዲያብረቀርቅም ብለን አናስወልውለው። ማን ለማን፣ መቼና ስለ ምን እንደ ሰጠው የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጠይቀን እንጻፍ፤ ደረሰኙንም ከሰዓቱ ጋራ እናኑር። ሚሊዮን ባያወጣልን እንኳ፣ የሰዓቱ ታሪክ ለልጆቻችን ይተርፋል።