የክረምት በጎ ፈቃድና የበጋ ድህነት

ክረምት በገባ ቁጥር የአዲስ አበባ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ፤ ደም ይለግሳሉ፤ ችግኝ ይተክላሉ፤ ለታዳጊ ተማሪዎችም የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ። በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የጦር ኃይሎች አካባቢም ለዚህ ልማድ እንግዳ አይደለም። መስከረም ሲጠባ ግን ወጣቱ ወደ ትምህርቱና ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ቆርቆሮው የተቀየረለት ቤተሰብም የበጋውን ኑሮ ብቻውን ይጋፈጣል። አስከፊ ድህነት እንዲጠፋ የሚሹ ወጣቶች ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፦ መቆጠር ያለበት የታደሰው ጣሪያ ነው ወይስ ከጣሪያው ሥር ያለው ኑሮ?

ጥያቄው የአንድ ሰፈር ብቻ አይደለም። ከሐምሌ 6 እስከ 9 ቀን 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ የከተማዋን ስም የተሸከመ የድርጊት መርሐ ግብር አጽድቋል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች አስከፊ ድህነትን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ቃል ገቡ። ከአያት ተነሥቶ ጦር ኃይሎች የሚያበቃው የቀላል ባቡር መስመር አገልግሎት የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። ባቡሩ ሲዘገይ ተሳፋሪው ወዲያው ያውቃል፤ ቃል ኪዳኑ ሲዘገይ ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። የዓለም ባንክ በ2017 ዓ.ም. ባሻሻለው መለኪያ መሠረት በቀን ከ3 ዶላር በታች የሚኖሩ ሰዎች ዛሬም ከ800 ሚሊዮን ይበልጣሉ።

የኢትዮጵያ ወጣት ከሕዝቡ ኑሮ ጋር እንዲተዋወቅ የተላከው ዛሬ ብቻ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛቶች እንዲያገለግሉ የሚያዝ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተከፈተው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ደግሞ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን አሰማራ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ፣ ዘማቾቹ ገበሬውን በማኅበር በማደራጀት አዋጁን ከወረቀት ወደ ማሳ አወረዱት። ዘመቻው በግዴታ ላይ የተመሠረተ እንደ ነበርና በብዙ ቦታ በግጭት እንደ ተደመደመ አይካድም። ሆኖም ሁለት ትምህርቶች ትቶ አልፏል። አንደኛ፣ ዘማቹ ከሕዝቡ ጋር ወራት ስለኖረ ችግሩን በዐይኑ ዐይቷል። ሁለተኛ፣ የጭሰኛውን ዕጣ የለወጠው የተማሪው አካፋ ሳይሆን ሕጉ ነው፤ ሕጉም በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡት ተማሪዎች ድምፅ ተነጥሎ አይታይም።

በውጭ አገር የሚደረገው ቅስቀሳ በአንጻሩ ከጉልበት ይልቅ በድምፅ ላይ ያተኩራል። በ1997 ዓ.ም. በብሪታንያ የተነሣው ድህነትን ታሪክ የማድረግ ንቅናቄ፣ በስኮትላንድ ግሌንኢግልስ የተሰበሰቡትን የስምንቱን ባለጸጋ አገሮች መሪዎች የድሃ አገሮችን ዕዳ እንዲሰርዙ ወተወተ። በ1998 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ዕዳቸውን ከሰረዘላቸው 19 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ነገር ግን በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ 33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ መክፈል ሳትችል ቀረች። ዕዳው በሌላ መልክ ሲመለስ ሰልፈኛው ከተበተነ ቆይቷል። የባለጸጋው አገር ወጣትም እንግዲህ የራሱ ክረምት አለው።

ጣሪያው ለሚያፈስበት ሰው ስለ ዕዳና ስለ ፖሊሲ ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉ ይኖራሉ። አባባላቸው እውነትነት አለው፤ ዝናብ ጉባኤ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ይሁን እንጂ በብሔራዊ የድህነት ወለል መለኪያ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ የነበረው የአገሪቱ ድሃ ሕዝብ ድርሻ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ የወረደው በእድሳት አይደለም። በግብርና ዕድገት፣ በመንገድና በትምህርት መስፋፋት፣ በሴፍቲኔትም ጭምር ነው። እነዚህ ሁሉ በጀት የሚጠይቁና ተጠያቂ የሚሹ ውሳኔዎች ናቸው። ጉልበቱን ሰጥቶ ስለ ውሳኔው የማይጠይቅ በጎ ፈቃደኛ የድህነትን ቁስል ያጥባል እንጂ ምንጩን አይደርቅም።

ስለዚህ የክረምቱ አገልግሎት መቅረት ሳይሆን መራዘም ይገባዋል። አንድ ቤት ያደሰ ቡድን ያንኑ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ በየሩብ ዓመቱ ቢጎበኝ፣ ከታዳጊዎቹ ማን ትምህርት እንዳቋረጠ፣ ማን በሴፍቲኔት ሊታቀፍ ሲገባው እንደ ቀረ፣ ማን ሕክምና እንዳጣ በቤተሰቡ ፈቃድ ቢመዘግብና ውጤቱን ለወረዳው ምክር ቤት አቅርቦ መልስ ቢጠይቅ፣ ጉልበትና ድምፅ በአንድ እጅ ይገናኛሉ። ዩኒቨርሲቲዎችም የ1957ቱን ልምድ ከግዴታው ለይተው፣ እንዲህ ያለውን ክትትል ለመመረቂያ ጥናት መነሻ እንዲሆን ቢፈቅዱ ወጪው አነስተኛ ነው። የጦር ኃይሎች ወጣት ለዚህ ሥራ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም፤ ባለፈው ሐምሌ ቆርቆሮ የመታበትን ቤት በጥር ማንኳኳት ይበቃዋል።