ሌሊት ሲስተሙን ማን ይጠብቃል?

ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ዘበኛ የሌለው መጋዘን ማግኘት ይከብዳል። ብረታ ብረት ሻጩም፣ መለዋወጫ አስመጪውም፣ ፋብሪካውም ሲመሽ ቆልፎ፣ ጠባቂ አቁሞ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። የእነዚህ ድርጅቶች ሀብት ግን ዛሬ መጋዘን ውስጥ ብቻ አይደለም። ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት፣ የቱ ዕቃ ለየትኛው ቅርንጫፍ እንደወጣ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የግብር ሰነዱ፣ ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። የአንዳንዱ ጓዳ ባለ ሰርቨር ላይ ነው፤ የአንዳንዱ ደግሞ ባለቤቱ ረግጦት በማያውቀው አገር፣ ክላውድ ላይ ነው። ይህን የሚጠብቅ ሰው በአብዛኛው የለም።

በቅርቡ እዚያው አቦ አካባቢ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ጅምላ መሸጫ ገብቼ ነበር። ረፋድ ላይ ሽያጩ ቀጥ አለ። ካሸሯ «ሲስተም የለም» አለች። የተጫነ አይሱዙ ደረሰኝ አጥቶ በር ላይ ቆሟል፤ ባለቤቱ ስልክ ይዘው ኢንተርኔት አቅራቢው ላይ ይቆጣሉ። ችግሩ ግን ከግቢው አልወጣም። ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ከቀለም ጣሳዎች ኋላ፣ አቧራ የለበሰ ስዊች፣ ሰርቨርና አንድ ዩፒኤስ ተቀምጠዋል። መብራት ለአፍታ ሄዶ ሲመለስ ዩፒኤሱ አልያዘም፤ ሰርቨሩም እንደጠፋ ቀረ። ባትሪው መድከሙን ዩፒኤሱ ራሱ ሲናገር ከርሟል። «እሱማ ሁሌም ይጮሃል፤ ለምደነዋል» አለችኝ ካሸሯ።

«ሲስተም የለም» የምንለው ነገር ብዙ ዓይነት ብልሽት ነው። የመንገድ ሥራ የበጠሰው ፋይበር ሊሆን ይችላል፤ የሞላ ዲስክ፣ የአገልግሎት ጊዜው ያለፈ ዲጂታል ሰርተፍኬት፣ ወይም እዚህ ምንም ሳይሆን ሩቅ አገር ያለው የክላውድ አገልግሎት የቆመ እንደሆነም አለ። ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ ስለሌላት ወደ ዓለም የምትወጣባቸው መስመሮች እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ያልፋሉ። ከሳሪስ የተላከ አንድ ደረሰኝ ኬፕታውን ወይም አየርላንድ ካለ ሰርቨር ለመድረስ ብዙ እጅ ይነካዋል። መስመሩን የሚከታተል ሰው የቱ ጋ እንደተቋረጠ በደቂቃዎች ይለያል። የማይከታተል ግማሽ ቀን ሲደውል ይውልና መጨረሻ ላይ ራውተሩን አጥፍቶ ያበራል።

ክትትል ለትንሽ ድርጅት የሚበዛ ቅንጦት ነው የሚሉኝ አሉ። መጋቢት 2016ን አስታውሳቸዋለሁ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሲስተሙ ላይ ባደረገው ሥራ ሳቢያ፣ ዓርብ ሌሊት ለቅዳሜ አጥቢያ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከስልክ ወደ ስልክ ሮጠ፤ ተማሪዎች ሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ ግብይቱን ያቆመው ከሰዓታት በኋላ ነው። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ በኋላ ያለአግባብ ተወስዷል ያሉት ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ሲሆን አብዛኛው ተመልሷል። የሳይበር ጥቃት አልነበረም። እኔን የሚያስጨንቀኝ የሰዓቱ ነገር ነው፦ የአገሪቱ ትልቁ ባንክ ግብይቱን ከማቆሙ በፊት ጉድለቱን ተማሪው አውቆታል። እዚያ እንዲህ ከሆነ፣ አንድ አይቲ ቀጥሮ ፕሪንተር የሚያስጠግን አስመጪ ምን ያህል ዘግይቶ ይሆን የሚያውቀው?

«የኛ ክላውድ ላይ ነው፤ እነሱ ይጠብቁታል» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ጥቅምት 10 ቀን 2018 ቨርጂኒያ ባለው የአማዞን ክላውድ የአድራሻ መዝገብ ላይ የተፈጠረ ስህተት በዓለም ዙሪያ ስንት አገልግሎት አቆመ። መስከረም 24 ቀን 2014 ደግሞ ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር። ያን ቀን የኩባንያው መሐንዲሶች ችግሩን የሚያዩባቸው የውስጥ መሣሪያዎችም አብረው ወደቁ። ስለዚህ የመከታተያው ፕሮግራም በሚከታተለው ሰርቨር ላይ ራሱ መቀመጥ የለበትም፤ ሰርቨሩ ሲሞት አብሮ ይሞታልና።

የመከታተያ መሣሪያው ውድ አይደለም። ዛቢክስና ናጊዮስ የተባሉት ፕሮግራሞች በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በላይ የተፈተኑም ናቸው። ስዊቹን፣ ራውተሩን፣ ሰርቨሩን በየደቂቃው ይጠይቃሉ፤ መልስ ሲያጡ፣ ወይም ዲስኩ ሊሞላ ሲል፣ በቴሌግራም መልእክት ይልካሉ። ዩፒኤሱም በኔትወርክ ከተገናኘ ባትሪው መድከሙን በዚያው መንገድ ያሳውቃል። የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በቀን ሁለት መቶ ማንቂያ የሚደርሰው ሰው በሳምንቱ ድምፁን ይዘጋዋል፤ ያኔ ያ የዩፒኤስ ጩኸት በሌላ መልክ መጣ ማለት ነው። ሰው ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው መልእክት ሽያጭ የሚያቆም ብልሽት ብቻ ይሁን፤ ሌላው ጠዋት ይነበብ። እያንዳንዱም ማንቂያ ባለቤት ይኑረው፤ «ለሁላችን ይደርሳል» ከተባለ ማንም አያየውም።

የክላውድ ወጪም ክትትል ይፈልጋል። ሂሳቡ የሚመጣው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት 100 ብርን አልፏል። ያው አገልግሎት፣ ያው ዶላር፣ በብር ግን እጅግ የበዛ። ለሙከራ ተከፍቶ የተረሳ ሰርቨር በየወሩ ይህን ምንዛሪ ሲበላ የሚያየው ከሌለ ማንም አይዘጋውም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ለሙያተኛው ያለን ዓይን ነው። አይቲው የሚጠራው ሲበላሽ ነው። ምንም ሳይበላሽ ወር ካለፈ «ቁጭ ብሎ ደመወዝ ይበላል» ይባላል፤ ብልሽቱ ያልተከሰተው እሱ ባትሪ ስለቀየረ፣ ዲስክ ስላጸዳ መሆኑን ማን አይቶ? እንዲህ እየተባለ ሌሊት ለደረሰው መልእክት የሚነሳ ሰው አይኖርም። ቢኖርም አይቆይም፤ የተሻለ የሚከፍለው ጋ ይሄዳል። ከዚያ ፓስዎርዱ የት እንዳለ እንኳ የሚያውቅ ይጠፋል።

በዚህ ሰፈር ድርጅት ያላችሁ ሁሉ፣ በዚህ ሳምንት አይቲያችሁን ጠርታችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ቢቆም መልእክቱ ለማን ስልክ ይደርሳል? ባክአፑንስ መልሶ በመጫን መሥራቱን ያረጋገጠው መቼ ነው? ግልጽ መልስ ካጣችሁ እሱን አትቆጡት። ለዚህ ሥራ ሰዓት ስጡት፣ ተተኪ መድቡለት፣ የሌሊቱንም በትርፍ ሰዓት ክፈሉት።